ደንገጎን በፔዳል

ድሬዳዋ ሜዳ ናት፤ ልጆቻችንም ብስክሌት መንዳት የሚለምዱት ገና በጨቅላነታቸው ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ወጣቶች «ሐረር ድረስ እንነዳለን፤ በየኪሎ ሜትሩ ቃል ከሚገቡልን ሰዎች በምናገኘው ገንዘብ ለየቲሞች ደብተርና የደንብ ልብስ እንገዛለን፤ አሠልጥኑን» ብለው ሲመጡ ደስ አለን እንጂ ብዙ አላሰብንም። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው።

ያላሰብነው ደንገጎን ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የደንገጎ አናት ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ውድ አንባብያን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ እንኳ ይህን ተራራ ሸሽቶ፣ ሐረርን ትቶ እታች ነው የቀረው። ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ሰበብ ነው። ባቡር የሸሸውን ዳገት እኛ ግማሾቹ ማርሽ በሌላቸው ብስክሌቶች ልንወጣው ተነሣን።

ፀሐይ ሳትበረታ እሁድ እሁድ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንወጣ ነበር። በመጀመሪያው እሁድ ፈጣኖቹ ገና ከመጀመሪያዎቹ ጠመዝማዞች ሳያልፉ ተዘረሩ። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ እየነዳ ማውራት ያቃተው ፈጥኗልና ይቀንስ። ውኃ ሳይጠማ ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዙ መልቀቅ እንጂ ጨምድዶ መያዝ የለም፤ ላስቲኩ ይግላል። እናቶች በላኩልን ቴምር ዙሪያ ስናርፍ የመቀሌውን ጽጋቡ ግርማይን እናነሣለን፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የዳገት አገር ልጅ ነው።

በሦስተኛው እሁድ ከሁሉ ቀድሞ ደንገጎ የደረሰው ልጅ ግን ላብ አልነበረውም።

የአይሱዙ ጭራ ይዞ ነበር የወጣው። ስንጠይቀው አልካደም። «አቦ ኡስታዝ፣ ድሬ ውስጥ ይህን ያላደረገ ማን አለ? ደግሞም ልምምድ ነው እኮ።» እውነቱን ለመናገር እኛም በልጅነታችን አድርገነዋል። ነገር ግን በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ጫት የጫኑ መኪናዎች እንዴት ባለ ፍጥነት እንደሚወርዱ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌላም ነገር አለ። «ሰዎቹ ቃል የገቡት በኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው የጎተተህን ኪሎ ሜትር በማን ስም እንጻፈው?» ስንለው አቀረቀረ። ገንዘቡ የየቲም አማና ነው።

አሠልጣኞቹ ተከፋፈልን። ግማሾቻችን ይባረር አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ከእርሱ የሚበረታ የለንም አልን። ጉዳዩን የቆረጡት አባቱ ናቸው። «አታባርሩት፤ ኋላ አድርጉት» አሉን።

አሁን ካላማደሪያውንና የጎማ መንፊያውን ተሸክሞ ከትንሹ ልጅ ጋር መጨረሻ ላይ ይነዳል። ባለፈው እሁድ ሌሎቹ ደንገጎ ደርሰው ካረፉ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ብቅ አሉ። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ትንሹ ልጅ ያወራል፣ ትልቁ ይስቃል።