የድንጋይ ካባ የገለጠው ዱካ

በእንግሊዝ አገር፥ ከኦክስፎርድ ከተማ በስተሰሜን በኩል፥ ዲዋርስ ፋርም የሚባል የድንጋይ ካባ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. አንድ የቁፋሮ መኪና ነጂ የኖራውን ድንጋይ የሸፈነውን ጭቃ አፈር ሲጠርግ፥ መሬቱ በየሦስት ሜትሩ ያህል ጎበጥ ጎበጥ ማለቱን ልብ አለ። ነገሩን ንቆ አላለፈውም። ሊቃውንት መጥተው ባዩት ጊዜ ጉብታው የዳይኖሰር ዱካ ሆኖ ተገኘ።

በ2024 ዓ.ም. በጁን ወር ከኦክስፎርድና ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አንድ ሳምንት ሙሉ በአካፋና በብሩሽ ሠርተው 200 ያህል ዱካዎችን ገለጡ። ከሁሉ የረዘመው መሥመር ከ150 ሜትር በላይ ነበር።

ለመሆኑ ዱካ እንዴት ድንጋይ ይሆናል? ከ166 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ ስፍራ ሙቀት ያለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ዳር ነበር። እንስሳው በለስላሳው የኖራ ጭቃ ላይ ሲረግጥ ጉድጓድ ይቀራል፤ ሌላ ደለል መጥቶ ይሸፍነዋል፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ሁሉም ይጠነክራል።

ከአምስቱ መሥመሮች አራቱ ረዥም አንገት ያላቸው ዕፅዋት በል እንስሳት የሄዱባቸው ናቸው፤ እነዚህም እስከ 18 ሜትር የሚረዝመው ሴቲዮሳውረስ ሳይሆኑ አይቀሩም። አምስተኛው 9 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሥጋ በል፥ የሜጋሎሳውረስ፥ ባለ ሦስት ጣት ዱካ ነው። ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ የክቡ ዱካ ጠርዝ በባለ ሦስት ጣቱ ተረግጦ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ዕፅዋት በሉ ቀድሞ፥ ሥጋ በሉ ኋላ እንዳለፈ ይታወቃል። አጥንት የሞተውን እንስሳ ያሳየናል፤ ዱካ ግን በሕይወት ሳለ ሲራመድ ያሳየናል።

እንዲህ ያለውን ካባ የሚጎበኝ ሰው አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። መኪናው ባይቆፍር ኖሮ ዱካው ከመሬት በታች እንደ ተቀበረ በቀረ ነበር፤ ነጂው ባያስተውል ኖሮ ደግሞ ተፈልጦ በጠፋ ነበር። የሚገልጠውም የሚያጠፋውም ያው አንድ መኪና ነው፤ ልዩነቱ በሠራተኛው ዐይን ላይ ነው። ሊቃውንቱም ከ20,000 በላይ ፎቶግራፍ ያነሡት፥ ድንጋዩ ቢጎዳ እንኳ ምስሉ ለትምህርት እንዲቀር ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአባይ ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ በዚያው በጁራሲክ ዘመን በባሕር ሥር የተከማቸ ነው። እንግዲህ ድንጋይ በሚፈለጥበት ወይም መንገድ በሚቆረጥበት ስፍራ እንግዳ ቅርጽ ያየ ተማሪ ከቦታው ሳያነሣ፥ ስፍራውን በሚገባ ጽፎ ለመምህሩ ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቅ። ከቦታው የተነቀለ ቅሪተ አካል ታሪኩን ግማሽ ያህል ያጣልና።