እንቁላሉን ሸጬ ብልቃጡን ገዛሁ

ዛሬ የማካፍላችሁ በገዛ ቤቴ የሆነውን ነው። ስጽፈው አፍሬያለሁ፤ ሆኖም እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ለሌላዋ እህቴ ማስጠንቀቂያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ሸዋ ቤንች ውስጥ የአገልጋይ ሚስት ስትሆኑ ጓሮው የኑሮው ግማሽ ነው። ቡናው፣ ጎደሬው፣ ጎመኑና ዶሮዎቹ ከደመወዙ ጋር ተጋግዘው ቤት ያኖራሉ። ባለቤቴ በጭቃና በዳገት ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ ሲመላለስ ጉልበቱን ያመው ጀመር። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስድ ነበር። አንድ ቀን አንዲት የማውቃት እህት ከከተማ መጥታ “የተፈጥሮ ሰልፈር” የተባለ ብልቃጥ አሳየችኝ። “መገጣጠሚያ ይፈውሳል፣ ደም ያጠራል፣ ግፊትም ያወርዳል። የእግዚአብሔር ፍጥረት እንጂ ኬሚካል አይደለም” አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ዋጋው ውድ ነበርና ለሦስት ወራት የዶሮዎቹን እንቁላል እያጠራቀምኩ ወደ ሚዛን ገበያ ላክሁ። ልጆቹ እንቁላል ሲጠይቁኝ “ለአባታችሁ ጤና ነው፣ ታገሡ” እላቸው ነበር። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ይባስ ብዬ “እንግዲህ የግፊቱን ኪኒን ተወው” አልኩት። እርሱም አምኖኝ ተወው።

በሦስተኛው ወር አንድ እሑድ እየሰበከ ሳለ ዓይኑ ጭልም አለበትና መድረኩን ተደግፎ ቆመ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግፊቱ 190 በ110 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ “መድኃኒቱን ካቋረጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?” ብላ ስትጠይቀው ዝም አለና ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ሰልፈር ምንድን ነው?

ከዚያ በኋላ ስለ ሰልፈር ማንበብና የጤና ባለሙያዎችን መጠየቅ ጀመርኩ። መጽሐፍ ቅዱሳችን ዲን ይለዋል፤ በዘፍጥረት 19 ላይ ከእሳት ጋር በሰዶምና በገሞራ ላይ የዘነበው ነው። ብዙዎቻችን ድኝ በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። በአፋር ዳሎል መሬቱን ቢጫ ካደረጉት ነገሮች አንዱም እርሱ ነው። በዚያ የፍርድ ምልክት የሆነው ነገር በፈጣሪ ጥበብ በፀጉራችን፣ በጥፍራችን፣ በቆዳችንና በጡንቻችን ውስጥ ሥራ ይሠራል።

ሰውነታችን ግን ድኝን እንዲሁ ከማዕድኑ አይወስድም። በዋናነት የሚያገኘው ከምግብ ፕሮቲን፣ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን ከሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ነው። ሜቲዮኒንን ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ ከማዕድ መምጣት አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 15 ሚሊ ግራም ያህል የእነዚህ ሁለቱ ድምር እንደሚያስፈልገው አስቀምጧል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 900 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንድ መካከለኛ እንቁላል ደግሞ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይዟል። 12 ኪሎ ለምትመዝን የሁለት ዓመት ልጅ አንዱ እንቁላል ብቻውን የቀኑን ድርሻዋን ይሸፍናል።

እንግዲህ አስቡት፤ ሰልፈር ልገዛ ብዬ ከልጆቼ አፍ ነጥቄ የሸጥሁት ሰልፈሩን ነበር!

ስለ ብልቃጡ እውነቱ

በብልቃጥ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ኤምኤስኤም የሚባለው ነው። በጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላይ የተደረጉ ጥቂት ጥናቶች ሕመሙን በመጠኑ እንደሚያስታግስ አሳይተዋል። ሆኖም ጥናቶቹ በጥቂት ሰዎች ላይ ለሳምንታት ብቻ የተደረጉ ናቸው። የግፊትን ኪኒን የሚተካ መድኃኒት አይደለም። “ኬሚካል አይደለም” የተባልሁትም ልክ አልነበረም፤ ለሽያጭ የሚቀርበው ኤምኤስኤም በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ፕሮቲን በበቂ ሁኔታ ለሚበላ ሰው ደግሞ ለብቻው የሚወሰድ የሰልፈር መጠን አልተደነገገም፤ ከማዕዱ ያገኘዋልና።

ከወሎ የመጣ ትምህርት

በደቡብ ምዕራብ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ብዙ ወገኖች አሉን። በጉባኤያችን ያሉ አንዲት እናት ይህን ሳጫውታቸው “እኛ አገር የጓያ ነገር እንዲሁ ነው” አሉኝ። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው፤ በሜቲዮኒንና በሲስቴይንም ደኻ ነው። ሌላው ሰብል ጠፍቶ እርሱ ብቻ ለወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ ደላንታ በድርቅ ጊዜ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ተመራማሪዎች ባጠኑት ጊዜ ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉት የመሽመድመድ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ አገኙት። እህል ጓያ የጎደሉትን እነዚያን አሚኖ አሲዶች ስለሚሰጥ ነው ተብሎ ይታሰባል። አንድ እፍኝ እህል የሰውን እግር ሊያተርፍ ይችላል ማለት ነው።

በእጃችን ያለው

እኛም ዘንድ ምሳሌው ቅርብ ነው። ጎደሬና ቆጮ ሆድ ይሞላሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን ትንሽ ነው። ቦሎቄ ፕሮቲን አለው፤ ሜቲዮኒኑ ያንሳል። በቆሎ ሜቲዮኒን አለው፤ ቦሎቄ የሚሰጠው ሌላው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነፈሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ሲያቀርቡ ትልቅ ጥበብ እያቀረቡ ነበር።

እስራኤላውያን በምድረ በዳ የናፈቁት ነጭ ሽንኩርትም (ዘኍልቍ 11) የሰልፈር ቤት ነው። ሳይነካ ብዙም አይሸትም፤ ሲቀጠቀጥ ግን ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የተባለው ሽታ ያለው የሰልፈር ውሕድ ይፈጠራል። ስለዚህ ቀጥቅጣችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆይታችሁ ወደ ወጡ ጨምሩት። ምግብ ነውና ብሉት፤ ነገር ግን ለወባም ሆነ ለግፊት የታዘዘን መድኃኒት አትተኩበት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሰልፈር መድኃኒት ሲሆን

ሰልፈር በትክክል መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት እከክ በአገራችን በብዙ ቦታ ሲስፋፋ ለሕክምና ከዋሉት አንዱ የሰልፈር ቅባት ነበር። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶችም ይሰጣል። በጤና ባለሙያ ትእዛዝ በአብዛኛው ለሦስት ተከታታይ ሌሊት ከአንገት በታች ይቀባል። የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ መታከም፣ ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት፤ አለዚያ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ “ሰልፋ” የሚባሉት እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያሉ መድኃኒቶች ሌላ ናቸው። ሰልፋ የማይስማማው ሰው እንቁላልና ነጭ ሽንኩርት አይከለከልም።

ለባልና ለሚስት

ከጤና ጣቢያ ስንመለስ ሁሉንም ነገርኩት፤ የእንቁላሉንም፣ የገንዘቡንም። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሄደና “ልታድኚኝ ፈልገሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያዘንኩት ሳትነግሪኝ ስላደረግሽው ነው” አለኝ። ብልቃጡ ካስከፈለን ሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ያን ማታ አብረን ጸለይን፤ በማግስቱም ኪኒኑን ቀጠለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸልዮ እግዚአብሔር ሰማው፤ ኢሳይያስ ደግሞ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳይያስ 38)። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ቤት ተስማምተው ይኖራሉ።

ውድ እህቴ፣ ውድ ወንድሜ፣ ስለ ጤናና ስለ ገንዘብ ሁለታችሁ ሳትመክሩ አትወስኑ። የሐኪም መድኃኒት ሐኪም ሳይጠየቅ አታቋርጡ። ሻጩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንም እንኳ ጠይቁ። ባለቤቴ አሁን ግፊቱን በየወሩ ያስለካል፤ ጉልበቱም ሲያመው በትሩን ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከዶሮዎቹም ጎጆ ጠዋት ጠዋት እንቁላሉን የሚሰበስቡት ልጆቹ ናቸው፤ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ድስቱ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።