ቆሮሶ፦ በኩሬ የሚረባው የሐይቅ ዓሣ

ቆሮሶን ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች ሲሰገር እናውቀዋለን፤ ዛሬ ግን በዓለም በስፋት ከሚረቡት ዓሦች አንዱ ሆኗል። ለዚህ ያበቃው ጠባዩ ነው። በአብዛኛው አልጌ ይመገባል፣ ሞቃት ውኃ ይስማማዋል፣ ኦክስጅን ሲያንስም ይቋቋማል። ሴቷ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል ያለ ሰው እገዛ ይራባል። ይኸው በረከት ካልተገራ ግን ጉዳት ነው፤ በጥቂት ወራት ዕድሜው መራባት ስለሚጀምር ኩሬው በጫጩት ይጨናነቅና ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ስለዚህ የዓሣ እርባታ ዘላቂነት የሚለካው በተቆፈረው ኩሬ ብዛት ሳይሆን በጫጩቱ፣ በመኖውና በውኃው አያያዝ ነው።

ለዚህ ግብፅ ጥሩ ማስረጃ ናት። በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ዓሣ በማርባት ከአፍሪካ ትቀድማለች፤ አብዛኛውም ቆሮሶ ነው። ዕድገቱ ከውኃ ብዛት የመጣ አይደለም። ሕጉ ለዓሣ ኩሬ የመስኖ ውኃን ከልክሎ ከማሳ ተንጠፍጥፎ የሚወጣውን ውኃ ነው የፈቀደው፤ ይህም የፀረ ተባይ ቅሪት ስለሚይዝ ቁጥጥር ይሻል። ለውጡን ያመጡት የግል ጫጩት ማስፈልፈያዎችና የመኖ ፋብሪካዎች ናቸው። ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ስለሚያድግ ማስፈልፈያዎቹ ከሞላ ጎደል ወንድ ብቻ የሆኑ ጫጩቶችን ይሸጣሉ፤ ኩሬውም ከመጨናነቅ ይድናል።

እርባታ የባሕርን ትናንሽ ዓሦች ለመኖ ይፈጃል የሚል ተቃውሞ አለ። ይህ እንደ ሳልሞን ላሉት ሥጋ በል ዓሦች እውነት ነው፤ ቆሮሶ ግን ከአኩሪ አተር፣ ከፋጉሎና ከፉርሽካ በሚዘጋጅ መኖ ያድጋል። ኩሬ ውኃ ያባክናል ለሚሉም መልስ አለ። ከኩሬ የሚወጣው ውኃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚይዝ ለአትክልት ማሳ ማዳበሪያ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ሲለቀቅ ግን አልጌን አባዝቶ ይበክላል። ከሁሉ የሚከብደው ሥጋት አምልጦ የሚወጣው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው ቆሮሶ ነባር ዘመዶቹን ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ስለዚህ በተፈጥሮ በማይገኝበት ተፋሰስ ባይረባ ይመረጣል።

ኢትዮጵያ ዘሩም ሐይቁም አላት፤ ፋጉሎና ፉርሽካም ከዘይትና ከዱቄት ፋብሪካዎቿ ይወጣል። ጥሩ ጫጩትና መኖ በቅርብ የማያገኝ ገበሬ ግን ኩሬውን መተዉ አይቀርም። የግብርና ቢሮዎች ኩሬ ቆፍሩ ብለው ከመቀስቀሳቸው በፊት ማስፈልፈያውንና የመኖ አቅርቦቱን ያስቀድሙ።