«ከደረጃ ላይ ወድቄ ነው ዶክተር»፦ ያልተቆጠረ ወንጀል የት ይገኛል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስኳርም ስለ ደም ግፊትም አይደለም፤ ስለ ወንጀል ቁጥር ነው። «ይሄ የፖሊስ ሥራ አይደለም እንዴ ዶክተር?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ የጤና ጉዳይ መሆኑን ታዩታላችሁ።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ድንገተኛ ክፍል የሌሊት ዲውቲ ላይ ነበርኩ። አንዲት ሴት መጣች። ዓይኗ ዙሪያው አብጦ ጠቁሯል፣ ክንዷም ተሰብሯል። «ምን ሆንሽ እህቴ?» አልኳት። «ከደረጃ ላይ ወድቄ ነው ዶክተር» አለችኝ። ባለቤቷ አጠገቧ ቆሟል። ካርዱ ላይ «መውደቅ» ብዬ ጻፍኩ፣ ጄሶ ታሰረላት፣ ሄደች።

ኤክስሬዩን ግን አልረሳሁትም። ሰው ወድቆ በእጁ ሲደገፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የእጅ አንጓው አካባቢ ነው። የሷ ስብራት በአንጓና በክርን መሃል፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት ላይ ነበር። ይህ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ሰው ፊቱን ከዱላ ለመከላከል ክንዱን ሲያነሳ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ መጣች። ያኔ ደግሞ «በር መታኝ» አለች።

በዚያ ዓመት በወጣ በየትኛውም የወንጀል ሪፖርት ውስጥ ይቺ ሴት የለችም። ፖሊስ አያውቃትም። የኔ ካርድ እንኳን አያውቃትም።

🔹 የወንጀል ቁጥር ከየት ይመጣል?

አንድ ድብደባ የፖሊስ ቁጥር ውስጥ እስኪገባ ሦስት በር ማለፍ አለበት። ተጎጂው «ይሄ ወንጀል ነው» ብሎ ማሰብ አለበት፤ ሄዶ መናገር አለበት፤ የሰማው ፖሊስ ደግሞ መመዝገብ አለበት። አንዱ በር ላይ ከቀረ፣ በቃ፣ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

ሦስተኛው በር ቀላል አይምሰላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በዌልስ የፖሊስ ሥራ ተቆጣጣሪው መዝገቦችን ሲመረምር፣ ሰዎች ሄደው ካመለከቷቸው ወንጀሎች 19 በመቶው ሳይመዘገቡ ቀርተው ተገኙ። በሰው አካል ላይ የሚፈጸም ጥቃት ላይ ሲደርስ 33 በመቶ ነበር። እንግዲህ ይሄ የተናገሩት ብቻ ነው፤ ያልተናገሩት አልተቆጠሩም።

ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ ተፈጠረ፦ ቤት ለቤት ሄዶ ሰውን ራሱን መጠየቅ። አሜሪካ ይህን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ትሠራለች፤ እንግሊዝና ዌልስም በ1982 ጀመሩ። እኛም አገር የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ውስጥ ጥቃት ጥያቄዎችን አካቷል። አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልፈለጉም፣ ለማንም አልተናገሩም። የኔዋ ታካሚ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው።

🔹 ሦስተኛው መንገድ፦ ሆስፒታል

በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ጆናታን ሼፐርድ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም አለ። መንጋጋቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸው በብርጭቆ ተቀዶ የሚመጡትን ሰዎች ያክም ነበር። መዝገብ ሲያመሳክር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹን ፖሊስ ጨርሶ እንደማያውቃቸው አየ። አንዳንዱ በቀል ፈርቶ፣ አንዳንዱ የራሱም ጥፋት እንዳይወጣበት ሰግቶ ዝም ይላል። ሲቆስል ግን ሆስፒታል መምጣቱ አይቀርም።

ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ድንገተኛ ክፍል ካርድ የሚያወጡት ሠራተኞች በጥቃት ተጎድቶ ለሚመጣ ሰው ጥቂት ጥያቄ እንዲጨምሩ አደረገ፦ የት ነው የተመታኸው? መቼ? በምን? ከዚያ ስም ይወጣለታል፣ ቦታውና ሰዓቱ ብቻ በየጊዜው ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ይሰጣል። እነሱም የትኛው መንገድና የትኛው መጠጥ ቤት ላይ በስንት ሰዓት መገኘት እንዳለባቸው አወቁ።

ውጤቱ በ2011 ታተመ። ካርዲፍን ከሌሎች 14 ከተሞች ጋር አወዳደሩ። በጥቃት ተጎድቶ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ካርዲፍ ላይ ከ100,000 ነዋሪ በወር ከ7 ወደ 5 ሲወርድ፣ በሌሎቹ ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጣ።

አሁን ልብ በሉ። በዚያው ጊዜ ፖሊስ የመዘገበው ቀላል ድብደባ ካርዲፍ ላይ ጨመረ! የፖሊስን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «ከተማዋ ተበላሸች» ይል ነበር። የጨመረው ግን ፖሊስ ጠብ ሳይከፋ ቀድሞ ስለደረሰ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ሐኪሞች ይህን እናውቀዋለን፤ የቲቢ ምርመራ ስናስፋፋ የታማሚው ቁጥር ይጨምራል። በሽታው ጨምሮ ሳይሆን ተደብቆ የነበረው ስለተገኘ ነው።

🔹 ከተማን ከከተማ፣ አገርን ከአገር ስናወዳድር

ቴሌግራም ላይ «ወንጀል በእጥፍ ጨመረ» የሚል ነገር ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1️⃣ ከስንት ሰው? 4 ሚሊዮን ሰው ያላት ከተማ 200 ዝርፊያ ቢመዘገብባት ከ100,000 ሰው 5 ነው። 100,000 ሰው ያላት ከተማ 20 ቢመዘገብባት 20 ነው። ቁጥሯ አነሰ እንጂ ትንሿ ከተማ አራት እጥፍ ትብሳለች።

2️⃣ ከስንት ተነስቶ? ከ1 ወደ 2 መሄድም «100 በመቶ ጨመረ» ይባላል።

3️⃣ ምን ተብሎ ተቆጠረ? ስዊድን ብዙ ጊዜ በአስገድዶ መድፈር ቁጥር ከፍ ብላ ትታያለች። አንዱ ምክንያት እያንዳንዱን ድርጊት ለየብቻ መቁጠሯ ነው፤ የሕጓ ትርጉምም ሰፊ ነው። ለዚህ ነው አገሮችን ለማወዳደር ግድያ የሚመረጠው፤ አስከሬንን መደበቅ ከባድ ነው፣ ትርጉሙም ከአገር አገር ብዙም አይለያይም።

4️⃣ ማን ጠየቀ፣ እንዴት? የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ 71 በመቶ ሴቶች ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። የ2016ቱ አገር አቀፍ ቁጥር 34 ነበር። «በግማሽ ቀነሰ» ለማለት አትቸኩሉ! አንዱ የአንድ አካባቢ ነው፣ አንዱ የመላ አገሪቱ፤ ጥያቄውም አጠያየቁም ይለያያል።

🔹 እናንተስ ምን ታድርጉ?

✅ ጥቃት ከደረሰባችሁ ለሐኪሙ እውነቱን ንገሩ። አስታማሚው እንዲወጣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ነገር ነገ ማስረጃ ይሆናል።

✅ አንገቱ የታነቀ ሰው ምልክት ባይታይበትም ይታከም። ድምፅ መጎርነን፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም ራስ መሳት ካለ በአስቸኳይ።

✅ ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሕክምና ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይጀመርም። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፣ ቢፈጥን ግን ይሻላል። ከተቻለ ሳትታጠቡ ሂዱ፤ ልብሱን በወረቀት ከረጢት ያዙ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው።

✅ ለሙያ አጋሮቼ፦ አስታማሚውን አስወጥታችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን እንደነገሯችሁ፣ ያያችሁትን ደግሞ እንዳያችሁት ጻፉ።

እኔ ዛሬ እንደዚያ ነው የማደርገው። «አባባ፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን»፣ «ወንድሜ፣ ፋርማሲ ደርሰህ ና» እላለሁ። በሩ ሲዘጋ ቀስ ብዬ «ቤት ውስጥ የሚመታሽ ሰው አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዷ ዝም ትላለች። አንዳንዷ ግን ያን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ታለቅሳለች። ያችን ሴት ያን ሌሊት ብጠይቃት ኖሮ ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም። አለመጠየቄን ግን አውቃለሁ።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።