ኪስ ባዶ ቢሆን እግር አለ

አገር ቤት ሳለን አዲስ አበባን በወሬ ብቻ ነበር የምናውቃት። አንድ ቀን ግን ጉዳይ ያመጣናል። አንዱ ለሙግት ይመጣል። ሌላው የታመመ ዘመድ ይዞ ይመጣል። እኛም የመጣነው በሽተኛ ይዘን ነው።

ሐኪም ቤቱ ጠያቂ የሚያስገባው በሰዓት ነው። ጠዋት ምግብ አድርሰን እንወጣለን። እስከ ማታ የት ይዋላል? ሻይ ቤት መቀመጥ ገንዘብ ይፈጃል። ገንዘቡ ደግሞ ለመድኃኒት ነው። ሦስት ቀን በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዋልን። በአራተኛው ቀን «እንነሣ፤ ከተማዋን በእግራችን እንያት» ተባባልን።

የጀመርነው ከአራት ኪሎ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው የድል ሐውልት ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ዓመቱ ግን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ ያኛው የኀዘን፣ ይኸኛው የደስታ።

ከዚያ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣን። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በመንገድ ላይ ታፔላውን ሁሉ አነበብን። «መ-ድ-ኃ-ኒ-ት ቤ-ት»፣ «ዳ-ቦ ቤ-ት» እያልን ሄድን። ማንበብም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ፋሺስቶች በዚያ ቂም ሦስት ቀን ሕዝቡን ጨፈጨፉ። ቤቶችን አቃጠሉ። ያ መከራ በሐውልቱ ዙሪያ በቅርጽ ተሠርቷል። አብረውን የነበሩ አንዲት እናት ቅርጹን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ብዙ ቆሙ። «ልጆቼ፣ ይህንንስ ያለ ፊደልም አነበብሁት» አሉ።

በማግሥቱ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ሄድን። በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው ይታያሉ። ጠላት ይህን ሐውልት ነቅሎት ነበር። ከድል በኋላ ተመልሶ ቆመ። ደክሞን ስለነበር በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ዐረፍን።

ሌላ ቀን ዝናብ መጣ። አራት ኪሎ አብርሆት የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። ለማንበብ አይከፈልበትም። «እኛን ማን ያስገባናል?» ብለን ፈርተን ነበር። ገባን። ፊደሉ ትልልቅ የሆነ መጽሐፍ መርጠን በጣታችን እየተከተልን አነበብን። የሳቀብን ሰው የለም።

እናንተም ስትመጡ ይህን አትርሱ፤
መታወቂያችሁን ያዙ።
ገንዘባችሁን ውስጥ ኪስ አድርጉ።
መንገድ ስትሻገሩ ግራና ቀኝ እዩ።
የምታድሩበትን ሰፈር ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ብትጠፉ ታፔላውን ከወረቀቱ ጋር ታስተያያላችሁ።

ማታ ማታ በሽተኛችንን ስንጠይቅ ቀድሞ የምናወራው አልነበረንም። «እንዴት ዋልህ?» ብለን ዝም ነበር። አሁን ግን ያየነውን ሁሉ ነገርነው። እሱም ቀና ብሎ ይሰማ ጀመር። በመጨረሻ «ከዚህ ስወጣ የፈረሱን ሐውልት ሳታሳዩኝ አገሬ አልገባም» አለ። እኛም ቃል ገባንለት።

እስቲ እንለማመድ፤
1. ከ1928 ዓ.ም. እስከ 1933 ዓ.ም. ስንት ዓመት ነው?
2. በምትኖሩበት አካባቢ ያሉትን ታፔላዎች ቁጠሩ። ስንቱን አነበባችሁ?