ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሥራ፦ የአጥንት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ተሃድሶ በአትላንታ ሆስፒታሎች

የተሃድሶ ሕክምና የሚባለው፣ የተሰበረ አጥንት ከተጠገነ፣ ያለቀ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ከተተካ ወይም የተበጠሰ ጅማት ከተሰፋ በኋላ ሕመምተኛው ቆሞ የመሄድ፣ የመልበስ፣ የመታጠብና ወደ ሥራው የመመለስ አቅሙን እንደገና የሚያገኝበት የሕክምና ዘርፍ ነው። ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሰዓታት የሚያበቃና ሕመምተኛው በሰመመን ላይ ሳለ የሚከናወን ሲሆን፣ ተሃድሶው ግን ሳምንታትንና ወራትን የሚወስድ፣ ዋናው ድካምም በራሱ በሕመምተኛው ላይ የሚወድቅ ሥራ ነው። በጆርጂያ ግዛት ዋና ከተማ በአትላንታና በዙሪያዋ ይህ አገልግሎት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ አጀማመሩም ከሕፃናት ጋር የተያያዘ ነው።

በ1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከአትላንታ በስተምሥራቅ በምትገኘው በዲኬተር፣ እጅና እግራቸው የተጎዳ የድሃ ልጆችን በነፃ የሚያክመው የስኮቲሽ ራይት ሆስፒታል ተከፈተ፤ የሕክምና ኃላፊውም የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ማይክል ሆክ ነበር። ይህ ተቋም ዛሬ በ1998 በተደረገ ውህደት የተመሠረተው የአትላንታ የሕፃናት ሆስፒታሎች ድርጅት አካል ነው። ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዋርም ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ደግሞ በ1921 በፖሊዮ እግሮቹ የሰለሉትና ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1924 ለመታከም ከመጣበት በኋላ ዝናው ገነነ፤ ሩዝቬልት ቦታውን በ1926 ገዝቶ በማግሥቱ ዓመት የተሃድሶ ተቋም አደረገው፤ ሆክም ከጊዜ በኋላ ወደዚያ ተዛውሮ ሠርቷል። የአዲስ አበባን ፍል ውሃ የሚያውቅ አንባቢ ፈውሱ ከውሃው ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ሩዝቬልትም ሲጀምር ተስፋው ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የቦታው ቁም ነገር ሌላ ነው፤ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚሞቀው ውሃ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም፣ በደረቅ መሬት ላይ እግርን ማንሣት የማይችል የደከመ ጡንቻ በውሃው ውስጥ መሥራትና መጠንከር ይችላል፤ ጡንቻን አንድ በአንድ እየመረመሩ የቀረውን ኃይል በደረጃ መመዝገብ የተለመደውም በእንዲህ ዓይነት ማዕከላት ነው።

የዚያ ዘመን አገልግሎት ለሁሉም እኩል እንዳልነበር መጥቀስ ተገቢ ነው። ዋርም ስፕሪንግስ ጥቁር ሕሙማንን ስለማይቀበል በ1941 ለእነርሱ በአላባማ በተስኪጊ የተለየ የፖሊዮ ማዕከል የተከፈተላቸው ሲሆን፣ በመሐል አትላንታ የሚገኘው ትልቁ የሕዝብ ሆስፒታል ግሬዲም ሕሙማንን በቀለም ለይቶ ማስተኛቱን ያቆመው በ1965 ነው። በ1975 የተቋቋመውና በፒችትሪ ጎዳና የሚገኘው ሼፐርድ ሴንተር ትኩረቱ በይበልጥ በአከርካሪ ነርቭና በአንጎል ጉዳት ላይ ነው፤ ቢሆንም የመጀመሪያው የሕክምና ዳይሬክተሩ ዴቪድ አፕል የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበር። የኢመሪ ዩኒቨርሲቲም የራሱ የተሃድሶ ሆስፒታልና በ2008 በታከር የከፈተው የአጥንትና የአከርካሪ ሆስፒታል አለው።

በእነዚህ ተቋማት ሥራው የቡድን ነው። ፊዚያትሪስት የሚባለው የተሃድሶ ሐኪም መድኃኒቱንና አጠቃላይ ዕቅዱን ይመራል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንቅስቃሴን፣ ሚዛንንና አረማመድን ያሠለጥናል፤ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ደግሞ ልብስ መልበስን፣ መታጠብን፣ ምግብ ማብሰልንና መሰል የዕለት ተግባራትን ያስተምራል። ሥራው የሚጀመረው ሳይውል ሳያድር ነው፤ ጉልበቱ የተተካለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ዎከር ይዞ እንዲቆም ይደረጋል። የታመመ ሰው ተኝቶ ይረፍ በሚል ልማድ ላደገ ሰው ይህ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ያለ እንቅስቃሴ የተኛ ሰው ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ በእግሩ የደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ባለሙያው የጉልበቱን መታጠፍ ጎኒዮሜትር በተባለ ባለ ሁለት ክንድ የማዕዘን መለኪያ ይለካል፤ ከተራ ወንበር ለመነሣት 90 ዲግሪ አካባቢ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ የተተኩ ጉልበቶች ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ይታጠፋሉ፤ ተንበርክኮ መስገድና ቁጢጥ ማለት ግን ከዚህ የበለጠ ይጠይቃሉ።

ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዴት ይሂድ የሚለው በሐኪሙ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የኢንሹራንስ ደንብ እኩል ይገባበታል። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን መድን በተሃድሶ ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው የሚከፍለው፣ በመደበኛው አሠራር ሕመምተኛው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን የሚሰጥ ሥልጠና የሚያስፈልገውና የሚችለው ሲሆን ነው፤ ሆስፒታሉም ቢያንስ 60 በመቶ ሕሙማኑ በደንቡ ከተዘረዘሩት 13 የሕመም ዓይነቶች ውስጥ እንዲሆኑ ይገደዳል። የዳሌ ስብራት በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ የጉልበት ወይም የዳሌ መተካት ግን የሚቆጠረው ሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ ሲተካ፣ ሕመምተኛው ዕድሜው 85 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም እጅግ ሲወፍር ነው። ስለዚህ አንድ ጉልበቷን ያስተካች የ70 ዓመት እናት በአብዛኛው የምትላከው ወደ ቤቷ ነው፤ ባለሙያ ቤት ድረስ ይመጣላታል ወይም እርሷ ወደ ተመላላሽ ክሊኒክ ትሄዳለች። ይህን ያልተረዱ ቤተሰቦች «ሆስፒታሉ ገፍቶ አስወጣን» ብለው የሚያዝኑት ደንቡ ቀድሞ ስላልተብራራላቸው ነው፤ ማብራራቱም የሆስፒታሉ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ወደ ቤት ከመሄድ በፊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ስለ ደረጃው ብዛት፣ ስለ መጸዳጃው ከፍታ፣ ስለ አልጋውና ስለ ወንበሩ ይጠይቃል። በአትላንታ አጠገብ በክላርክስተንና በቀረው የዲካልብ ካውንቲ ላሉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚጎድለው የቡና በርጩማ ነው። ዳሌው ከኋላ በኩል ተከፍቶ የተተካለት ሰው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ዳሌውን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ፣ እግሩን እንዳያነባብርና ወደ ውስጥ እንዳያዞር ይታዘዛል፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ከጉድጓዱ ሊወልቅ ይችላልና። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጀበና ለማንሣት ወደፊት መጎንበስ ይህንኑ የተከለከለ ማዕዘን የሚያልፍ እንቅስቃሴ ቢሆንም፣ ባለሙያው ስለማያውቀው አይጠይቅም፤ ቡና የምታፈላው ሴትም የቤት ወግ ስለሚመስላት አታነሣውም። ረከቦቱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ ጠንካራ ወንበር አምጥቶ ማፍላት ግን ይቻላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይበቃው ሕመምተኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ቢሆን መጠየቅ መብት ነው፤ የገዛ ልጇ የምታስተረጉምላት እናት ሕመሟን አሳንሳ የመናገር ልማድ ስላላት፣ ባለሙያው የሚጨምረውም ሆነ የሚቀንሰው የሥልጠና መጠን በተሳሳተ መረጃ ላይ ሊመሠረት ይችላል።