የተረሳ ቁጥርና የተቆለፈ ሣጥን

ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመንና ከአካባቢው ተነሥተን ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምንገባ ተማሪዎች ለሣጥናችን ጓጉንቸር እንገዛለን። አንዳንዶቻችንም መክፈቻ እንዳይጠፋብን ስንል ባለ ቁጥሩን እንመርጣለን። ታዲያ ቁጥሩ ቢረሳ፣ የነገው ፈተና ደብተርም ውስጥ ቢቀር ምን ይደረጋል?

አስቀድመን ሒሳቡን እንመልከት። ባለ 3 ቀለበቱ ጓጉንቸር ከ000 እስከ 999 ድረስ 1,000 ቁጥር ይይዛል። ለአንዱ 3 ሰከንድ ብንሰጥ ሁሉም በ50 ደቂቃ ያልቃል። ሁለቱን አኃዞች ከነቦታቸው ካስታወስን የሚቀረን 10 ሙከራ ነው፤ ሦስት የተለያዩ አኃዞችን አውቀን ተራቸውን ብቻ ከረሳን ደግሞ 6 ነው። ባለ 4 ቀለበቱ ግን 10,000 ስለሚይዝ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከመሞከር ማሰብ ይቀድማል። የልደት ዘመኑን ያስገባ ሰው 1998 እምቢ ቢለው 2005ንና 2006ን ይሞክር፤ ባለ ሁለት ዘመን አቆጣጠር ነንና።

ይህ ሁሉ ካልሆነ መጋዝ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጓጉንቸር ባለቤቱን ከሌባ አይለይም፤ የሚለየው ምስክር ነው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቱን አንድ ሰው ብቻውን የማይከፍተውም ስለዚሁ ነው። እኛም ፕሮክተሩንና የክፍል ጓደኞቻችንን ጠርተን፣ በውስጡ ያለውን አስቀድመን ተናግረን እናስቆርጥ።

አዲሱንም ቁጥር አገር ቤት ላለ ለታመነ ዘመድ እንንገር። ደግሞም እኛ በ50 ደቂቃ የምንከፍተውን ሌላውም ይከፍተዋልና፣ ገንዘብ አናስቀምጥበት።